በሷሊሕ ያሳበብኩት ቤት

በሕይወቴ ሦስት ጊዜ የቤት ቦታ መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ወንዝ ወሰደው። ሁለተኛው ዛሬ የምኖርበት ነው፤ እውነቱን ለመናገር እሱን የመረጠው ባለቤቴ ሷሊሕ ነው፣ እኔ አፌን ዘግቼ ተከተልኩት። ሦስተኛው የሚገኘው ስልክ ውስጥ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ስቄበታለሁ። ግን የስልኩን ቤት ነገር ለማውራት ከወንዙ ቤት መጀመር አለብኝ፤ የስልኩን ቤት ያበላሸው እሱ ነውና።

ያገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው መንደር የሷሊሕ አባት ሁለት ቦታ አሳዩን፤ አንዱ ከፍ ብሎ ዋርካው ሥር፣ አንዱ ወንዙ ዳር። ሷሊሕ ምንም አላመነታም። ጓደኛውን ወልደማርያምን መዶሻ አስይዞ ዋርካው ሥር ችካል ተከለ። እኔ ከወንዙ እስከ ዋርካው ያለውን ዳገት በዓይኔ ለካሁት፤ እንስራ በጀርባዬ አድርጌም ለካሁት። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ያገባኸኝ ዳገት ለማስወጣት ነው?» አልኩት።

«ሰሊማ፣ ወንዝ ጎረቤት አይሆንም» አለኝ።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ማለትም እሱ ፊት አልቀመስኩም፤ እህቱ ቤት እየሄድኩ በደንብ እበላ ነበር። በአራተኛው ቀን ሷሊሕ ችካሉን ነቅሎ ወንዝ ዳር ተከለው።

ሁለት ዓመት ጀርባዬ አረፈ። ከበር ወጥቼ አሥር እርምጃ ሄጄ ውሃዬን እቀዳለሁ። ዳገቱን እያለከለኩ የሚወጡትን ሴቶች ስመለከት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋዎቹ ላይ የዘነበው ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። መጀመሪያ ድምፁን ሰማን፤ ቀጥሎ ጥጃዋን አጣን፤ ቀጥሎ ግድግዳውን። እኛ ልጃችንን ይዘን ተረፍን። የሙሽርነት ሣጥኔ ወደ አፋር አገር ሲጓዝ ቆሜ አየሁት። ክዳኑ ላይ ቀይ አበባ ነበረበት።

አማቴ እየሮጡ መጡ። ጭቃው መሃል ቆመው፣ «ማነው እዚህ ሥሩ ያላችሁ?» አሉ።

እኔም በአገጬ ወደ ሷሊሕ ጠቆምኩ።

ሷሊሕ አየኝ። ከዚያ መሬት መሬት አየና፣ «ተሳሳትኩ፣ እናቴ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ታሪኩን እንደዚያው አወራሁት። እንደዚያው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አስጌጥኩት። መጀመሪያ «ሷሊሕ ነው የመረጠው» ነበር። በኋላ «እኔ ተው ብዬው ነበር» ጨመርኩበት። ከእሱ ሞት በኋላ ደግሞ «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት» እስከ ማለት ደረስኩ። ሷሊሕ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ ሳወራ ሲሰማ፣ ጉሮሮውን ይጠርግና ከብቶቹን ለማየት ይወጣ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጄ ራቢዓ ደብረ ሲና ላይ ስፌት ልትጀምር ስትሄድ ልጇን ኑርሃንን እኔ ዘንድ ተወቻት። ኑርሃን ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መምህርት መሆን ያምራታል፤ ተማሪ ደግሞ ከኔ ሌላ አልነበራትም። የማሽላ አገዳ ይዛ ቆማ «ሀ በይ» ትለኛለች። ስሳሳት እጄን ቸብ ታደርገኛለች። አንድ ቀን «መ»ን እና «ሠ»ን ስላምታታሁባት ግድግዳ ሥር አቆመችኝ፤ ሽሮዬ እየገነፈለ እኔ ቆሜ ተቀጣሁ። በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ሰጠችኝ፤ ከአሥር ስድስት። ከሥሩ «ለጥረትሽ» ብላ ጽፋበታለች። ካርዱ ዛሬም አለኝ።

ባለፈው ክረምት ራቢዓ ሥራዋ ተደላደለላት። ሁለት ክፍል ተከራየችና «እማዬ፣ አሁን ልጄን ልውሰድ፤ ሰባተኛን እኔ ዘንድ ትማር» አለችኝ። ልክ ነበረች። «ኸይር ነው» አልኳት። አፌ ነው ያላት። ስድስት ዓመት ክንዴ ላይ የተኛች ልጅ ናት። ደብረ ሲና ሩቅ አይደለም ይሉኛል፤ አውቃለሁ፣ መኪናው ዳገቱን ወጥቶ አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን ቆላ የለመደ አጥንት ብርድ ላይ ሲወጣ እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኳኳል፤ እኔ በየሳምንቱ የምመላለስ ሰው አይደለሁም። እሷም ልጅ ናት። ልጅ የሚያየውን ነው የሚወደው። እንዳትረሳኝ ፈራሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መላውን ያመጣችው ራሷ ኑርሃን ናት። እናቷ የተወችላትን መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይኼ ጌም ነው። ዓለሙን የከፈተው ሙጂብ ነው። እኔም መቅደስም አለንበት።»

ሙጂብ የወንድ ልጄ ልጅ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ከኛ አራት ቤት አልፎ የሚኖር ቀልደኛ። መቅደስ የዚያው የመዶሻው ሰው፣ የጋሼ ወልደማርያም የልጅ ልጅ ናት።

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ትገቢያለሽ። እኔ ደብረ ሲና ሆኜ፣ አንቺ እዚህ ሆነሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ቤታችን እንገናኛለን።»

«የትኛው ቤታችን?»

«ገና አልሠራነውም። ቦታውን አንቺ ምረጪ።»

በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ቦታ ምረጪ ተባልኩ።

ዓለሙ ውስጥ ያለው ሁሉ አራት ማዕዘን ነው። ዛፉ፣ ደመናው፣ ላሟ ሳይቀር እንደ ሳሙና ተቆርጣለች። እኔም አረንጓዴ ሻሽ ያደረገች ሣጥን ሆንኩ፤ ራሴ ላይ «እትዬ ሰሊማ» የሚል ተጽፎ ይንሳፈፋል። በአንድ ጣት መሄድ፣ በሌላው ጣት ማየት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አቃተኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አቀርቅሬ መሬት መሬት እያየሁ ዞርኩ።

«እማማ፣ መርፌ ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ ሙጂብ። ኑርሃን ያሳደግኳት ስለሆነች አንቺ ትለኛለች፤ እሱ ግን አንቱ እያለ ነው የሚሰድበኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀና ማለት ቻልኩ። መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ «መሬቱ የማን ነው?» ብዬ ነው።

«የማንም አይደለም» አለች ኑርሃን።

«የማንም ያልሆነ መሬት የለም፤ ባለቤቱ ያልመጣ መሬት ነው ያለው።»

ከመሬቱ የባሰው በጎቹ ናቸው። ሜዳው ላይ አምስት በጎች እረኛ ሳይኖራቸው ይግጣሉ። ኑርሃን «ለአልጋ ሱፍ ያስፈልገናል፣ ሸልቺያቸው» ብላ መቀስ ሰጠችኝ። የሰው በግ! መቀሱን አልነካሁትም። ይልቅ ስንዴ አሳይቼ አስከተልኳቸውና አጥር ሠርቼ አስገባኋቸው፤ ባለቤታቸው እስኪመጣ አደራ ናቸው። ከዚያ ሁሉም የሚያነበው የመልእክት ቦታ ላይ፣ ፊደል በፊደል እየፈለግሁ፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ ጻፍኩ፦ «በግ የጠፋበት ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ።»

ወዲያው ሙጂብ መለሰ፦ «የኔ ናቸው። ምልክታቸው ነጭ ነው።»

«ሁሉም ነጭ ነው፣ አንተ ሌባ» አልኩት። ይህን እንኳ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል፣ በመስኮት ጮኬ ነው የነገርኩት፤ በዚያች ሰዓት በደጃችን እያለፈ ነበር።

ስንዴውን ስሰጣቸው ለካ ይወልዳሉ። በሳምንቱ ሃያ ሁለት ሆኑ። የሰው ንብረት እጄ ላይ ሲረባ ጭንቅ ያዘኝ።

ኑርሃን ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ቦታ ፍለጋ ወጣን፤ ማለትም መደብ ላይ ተቀምጠን ወጣን። ወንዝ አለ፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ። ሙጂብ እዚያ ዳር የድንጋይ ቤት ሠርቷል። መቅደስ አጠገቡ የእንጨት ቤት ሠርታ በሩ ላይ አበባ ተክላለች። በሁለቱ መሃል ሜዳ አለ።

«እዚህ እማማ! መሃላቸው። ጎረቤት አለን፣ ውሃ አለን።»

ወንዙን ሳይ መደቡ ላይ ወደ ኋላ ሸሸሁ። በስልክ ነው እኮ! ሆዴ ግን ስልክ አያውቅም።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?»

«ወንዝ ጎረቤት አይሆንም። አያትሽ ሷሊሕ እኮ አልሰማ ብሎኝ ወንዝ ዳር ሠርቶ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜው...» ብዬ ሙሉውን ታሪክ፣ ከነጌጡ፣ ከነሣጥኑ፣ ነገርኳት። ከዚህ በፊትም መቶ ጊዜ ሰምታዋለች።

«እዚህ እኮ ጎርፍ የለም፣ እማማ።»

«አያትሽም እንዲሁ ነበር ያለው» አልኳት። እንዲያ አላለም። እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ።

የኑርሃን ልብ ወንዙ ዳር እንደቀረ ያስታውቃል፤ ግን እኔን ማሳዘን አልፈለገችም። ተራራ መረጥኩ። እንዴት ያለ ተራራ! ጣርማ በርን የሚያህል፣ ደመናው ወገቡ ላይ የሚያርፍ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ጠብቄ አየሁና፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ለሰላት የምንዞርበትን ቂብላ በግራ እጄ አገኘሁት፤ በሩን እዚያ አደረግን። በጎቹንም አወጣኋቸው። ሙጂብ ከታች ሆኖ «እማማ፣ ከዚያ ላይ ደሴ ይታያል?» ብሎ ጻፈ።

«የሚመጣውን ጎርፍ አይልሃለሁ» ብዬ ልመልስለት ፈልጌ ነበር። «የሚመ» ላይ ስደርስ እራት ደረሰ።

ኑርሃን የተሰነጠቀውን ስልክ ለኔ ትታ ሄደች፤ እዚያ የምትገባው በእናቷ ስልክ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰዓቱ ገባች። ግን ዳገቱን ስትወጣ ተንሸራትታ ገደል ወደቀች፤ እዚያ ሰው ሲሞት ተመልሶ ከመነሻው ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ሞተችብኝ። እኔ ከላይ ሆኜ «ያ ረቢ! በቀስታ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የኔው ግቢ ዶሮ ነው። ደርሳ ስትገባ የቀረን ጊዜ አሥር ደቂቃ ነበር። ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ብርዱ ጻፈችልኝ። ሁለት ሹራብ ደራርባ እንደምትሄድ ጻፈችልኝ። እኔ «ሦስት አድርጊ» ብዬ ሳልጨርስ ራቢዓ ጠራቻት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘገየች። «መጀመሪያ እነ መቅደስ ጋ ቆይቼ ነው» አለች። አልወጣችም፤ ከተራራው ሥር ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አልመጣችም።

ማለትም መጣች፤ እኔ ዘንድ ነው ያልመጣችው። ከገደሉ ጫፍ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ወንዙ ዳር ሦስት ትንንሽ ሰዎች ይሮጣሉ። አንዷ ቢጫ ለብሳለች፤ ኑርሃን ናት። የመቅደስ በር ላይ አበባ ይተክላሉ። እኔ ደግሞ ተራራ ላይ፣ ከሃያ ሁለት የሰው በግ ጋር። ቤቴን ጎርፍ አይነካውም፣ እውነት ነው። ሰውም አይነካውም።

እንዲህ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አዝኜ ሳለ ጋሼ ወልደማርያም ገቡ። ፓፓያቸው ሲደርስ ሁልጊዜ ሁለት ይዘው ይመጣሉ።

«ምነው ሰሊማ፣ ፊትሽ የጠቆረው?»

ነገርኳቸው። ጌሙን ያውቁታል፤ መቅደስ እሳቸውንም አስገብታቸው አንድ ቀን ላሟ ስትሸሻቸው ትተውት ወጥተዋል። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ታዲያ ምን አስቀመጠሽ ተራራ ላይ? ከልጆቹ ጋር ወንዝ ዳር ብትሠሪ ምናለበት?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ የወንዝ ነገር! እርስዎ አያውቁም? ያን ጊዜ ሷሊሕ እንቢ ብሎኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ...»

ልሳኔ ለምዶት ነው የወጣው። ከማን ጋር እንደማወራ ትዝ ያለኝ ካወጣሁት በኋላ ነው።

ጋሼ ወልደማርያም ፓፓያውን አስቀመጡ። በኋላ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ።

«አንቺ ሰሊማ! እኔ ፊት? መዶሻውን ማን ይዞት ነበር?»

«ጋሼ...»

«ዋርካው ሥር የተከልነውን ችካል በአራተኛው ቀን ስንነቅለው፣ ‹ምን ሆነህ ነው ሷሊሕ?› ስለው፣ ‹ሚስቴ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው› አለኝ። አንቺ ደግሞ እህቱ ቤት ገንፎ ትበዪ ነበር!»

«ያንንም ያውቃሉ?»

«ገንፎውን ያገነፋችው ናት የነገረችኝ። እሱም ያውቅ ነበር።»

ያን አላውቅም ነበር። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ያታለልኩት መስሎኝ ነበር። ሰውዬው እየበላሁ እንደማለቅስ እያወቀ ነው ችካሉን የነቀለው።

ጋሼ ሳቃቸው በረደ። «እኔ ምን አገባኝ፣» አሉ፣ «እሱ ከቻለው። ግን ልጅቷ አያቷን አታውቀውም፤ ከምትነግሪያት ሌላ አያት የላትም። ያንን ደግሞ ተራራ ላይ ሆነሽ አትነግሪያትም።» ከዚያ፣ ነገር ማክረር ስለማይወዱ፣ «ፓፓያው ዛሬውኑ ይበላ፣ ነገ ይለሰልሳል» ብለው ሄዱ።

ስልኩን አነሳሁ። ገና ብርሃን ነበር፣ በኛም አገር በጌሙም። ልወርድ ተነሳሁ። ብቻዬን ብወርድ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ግን አደራ ጥሎ መሄድ የለም። ስንዴ ያዝኩና በጎቹን አስከተልኩ። አንዱ ወደ ገደል፣ አንዱ ወደ ጫካ፤ ስንዴውን ዘወር ባደረግሁ ቁጥር ሁሉም ረስተውኝ ሣር ይግጣሉ። ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ ወደቅሁ። መዋኘት እንደሚቻል የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ በወንዙ ወለል ላይ በእግሬ ሄጄ ወጣሁ። ከሃያ ሁለቱ ሰባቱን ብቻ ይዤ ልጆቹ ዘንድ ስደርስ ፀሐይዋ መዝቀዝቀዝ ጀምራለች።

በሁለቱ ቤቶች መሃል ካለው ሜዳ ጫፍ፣ ከውሃው አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ቆምኩ። እኛ አገር ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት ጎረቤቱን ያስፈቅዳል። ጻፍኩ፦ «አሰላሙ አለይኩም። ልጎራበታችሁ መጣሁ።»

«ወአለይኩም አሰላም! እማማ ከነሠራዊታቸው ወረዱ!» አለ ሙጂብ።

መቅደስም፦ «እማማ ሰሊማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጎርፉን ግን እንዴት አደረጉት?»

ኑርሃን፣ ቢጫዋ ሣጥን፣ እየሮጠች መጣችና ፊቴ ቆመች። አንድ ጊዜ ዘለለች። እዚያ ዓለም ማቀፍ የለም፤ መዝለል ነው ያለው።

ያን ጊዜ ካልጻፍኩት እንደማልጽፈው አወቅሁ። ጣቴን አነሳሁ። «ወንዝ» የሚለውን አገኘሁት። «ዳር» አገኘሁት። «የመረጥኩት» የሚለው ላይ «ጥ» ጠፋችብኝ፤ «ጠ»ን ተጭኜ መቆየት እንዳለብኝ አስተምራኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ስሞክር ያ ዓለም መሸ። በጌሙ ሌሊት ጭራቆች ይወጣሉ፤ እያጉረመረሙ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቤት የሌለውን ሰው ይፈልጋሉ።

«እማማ፣ ግቡ! መጡ!» ሙጂብ ነው።

እኔ ልመልስ አልቻልኩም። ብመልስ የጀመርኩት ይጠፋል።

«አትንቀሳቀስም፣» ብላ ጻፈች ኑርሃን። «እየጻፈች ነው። ተዋት። ግድግዳ አምጣ።»

ስጽፍ ስጽፍ፣ በዓይኔ ጠርዝ ድንጋይ ሲደረደር ይታየኛል። ሙጂብ በግራ፣ መቅደስ በቀኝ። አንድ ድንጋይ፣ አንድ እንጨት፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ እንጨት፤ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ ግድግዳ። ኑርሃን ከፊቴ ችቦ ተከለች። ደቦ ወጥተውልኛል፣ እኔ ግን ቀና ብዬ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አልቻልኩም። ቃሉን ጨርሼ ስሰደው ቤቱ ጣሪያ ደርሶ ነበር፦

«ወንዝ ዳር የመረጥኩት እኔ ነኝ። አያትሽ አይደለም። ዋሽቼ ነው።»

ሁሉም ቆመ። የሙጂብ ሣጥን ድንጋይ እንደያዘች ቀረች። ውጭ አንድ ጭራቅ በሩን ይደበድባል።

ቆይታ ኑርሃን ጻፈች፦ «እግሩ ላይ ወድቀሽ የለመንሽውስ?»

«እሱም የለም።»

«ሣጥኑስ?»

«ሣጥኑ እውነት ነው። ቀይ አበባ ነበረበት።»

ፈራሁ። ከአሥር ስድስቴንም የምትወስድብኝ መሰለኝ።

«ታዲያ ስታሳብቢበት አያቴ ምን አለሽ?»

ይህን መጻፍ ደግሞ ሌላ ሌሊት ወሰደ፤ የጌሙን ሌሊት ነው። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ጭራቆቹ ተቃጥለው፣ ሙጂብ በጎቹን ከቤቱ ጀርባ አጥሮ፣ መቅደስ በሬ ላይ ሁለት አበባ ተክላ ሲጨርሱ፣ እኔ ገና እየጻፍኩ ነበር። የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነው፦ «ምንም አላለኝም። ከጎርፉ በኋላ ዋርካው ሥር በገባን በመጀመሪያው ቀን እንስራውን እሱ ራሱ በጀርባው ተሸክሞ ከወንዝ ቀድቶ መጣ። በዚያ ዘመን ወንድ እንስራ አይሸከምም። መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ።»

ከኑርሃን የመጣው መልስ አጭር ነው፦ «እማማ፣ ‹በጀርባው› በ‹ጀ› ነው፣ ትክክል ጽፈሻል። ከአሥር ሰባት።»

በዚህ ነው ቦታው የተመረጠው። መርጬው አይደለም፤ ስጽፍ የቆምኩበት ነው። ከውሃው አንድ እርምጃ፣ በሁለት ጎረቤት መሃል። በሩን ለማዞር ጊዜ ስላልነበረ ቂብላው ላይ አልዋለም፤ ሙጂብ «እማማ፣ እርስዎ ይዙሩ» ብሎኛል። ግድግዳው ዝንጉርጉር ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ነበር፣ ዝናብ አይገባም አሉኝ። አልጋ ብቻ የለኝም። አልጋ ሱፍ ይፈልጋል፣ የበጎቹ ባለቤት ደግሞ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ራቢዓ በነጋታው ደወለችልኝ። ኑርሃን ሁሉንም ነግራታለች። «አባዬ እንስራ ተሸክሞ?» አለች። እንደገና አስነገረችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ ይህንን ታሪክ እስካሁን ለማንም እንዳላወራሁት ገባኝ። የሚያስቀው የሱ ሆኖ የሚያሳፍረው የኔ ስለሆነ ነው። ጌጥ አላስፈለገውም፤ እንዳለ አወራሁት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ እንገናኛለን። ኑርሃን ሳትወድቅ፣ ሳትሞት፣ እየሮጠች ትደርሳለች። እኔ ቀድሜ እገባለሁ። መጀመሪያ ወደ ውሃው ሄጄ ከፍታውን አያለሁ፤ ዳር ላይ ምልክት የሚሆን አንድ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። እስካሁን ወንዙ ከድንጋዩ አላለፈም። ይህን ለኑርሃን ስነግራት ግን፣ «ነሐሴ ገና ነው» ብዬ እጨምርበታለሁ።